ሆድ ሰዓት ያውቃል

ሆዳችንን ባመመን ቁጥር የሚቀድመው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ምን በላህ?» እናት ትጠይቃለች። ጎረቤት ይጠይቃል። መድኃኒት ቤት ባንኮኒው ጀርባ የቆመው ልጅ ይጠይቃል። ነጭ ጋዋን የለበሰው ሐኪምም ይጠይቃል። እኔ አራት ዓመት ሙሉ ይህንን ጥያቄ ስመልስ ኖሬያለሁ። ሽሮ። ምስር። ትናንት ማታ ጥብስ። ጠዋት ፉል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድም ሰው «መቼ ተኛህ?» ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

ይህ ጽሑፍ ስላልተጠየቀው ጥያቄ ነው። የምለው አጭር ነው፦ ብዙዎቻችን በጅምላ «ጨጓራ» እያልን የምንጠራው የሆድ ጣጣ ከሰሃናችን ብቻ ሳይሆን ከሌሊታችንም ይመጣል። ሌሊታችን ደግሞ ዝም ብሎ አልጠፋም፤ ከፊሉን እኛው አሳልፈን ሰጥተነዋል፣ ከፊሉ ተወስዶብናል። ከዚያ ሆዳችን ሲያምፅ ሽሮውን እንከሳለን። ሽሮው ንፁህ ነው አላልኩም። ብቻውን አልሠራውም ነው የምለው።

አራት ዓመት፣ አራት በሽታ

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። የተማርኩት ምህንድስና ስለሆነ እዚህ የምታነቡትን እንደ ሐኪም ማዘዣ አትውሰዱት። የምኖረው አቃቂ ቃሊቲ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ብዙም ሳልቆይ ከቤት ሆኜ ለአንድ የውጭ ድርጅት መሥራት ጀመርኩ። ክፍያው በዶላር ነው፤ ሰፈር ውስጥ «ልጁ ተሳክቶለታል» የሚያስብል ዓይነት ሥራ። አለቆቼ ያሉት ካሊፎርኒያ ነው። እነሱ ምሳቸውን በልተው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ስብሰባ ሲጠሩ፣ በእነሱ የክረምት ወራት አቃቂ ላይ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው።

ስብሰባው ግማሽ ሰዓት ነው ይባላል፤ አንድ ሰዓት ይሆናል። ሲያልቅም ወዲያው መተኛት የለም፤ ጭንቅላቴ እንደጋለ ሞተር ነው። እንቅልፍ የሚወስደኝ ወደ 10 ሰዓት ግድም ነበር። አንዳንድ ቀን እስከ ረፋዱ 4 እተኛለሁ፤ አንዳንድ ቀን የሰፈሩ ጫጫታ 1 ሰዓት ላይ ይቀሰቅሰኛል። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ «እስቲ እንደ ሰው ልኑር» ብዬ በጊዜ እተኛና እሁድ ጎህ ሲቀድ ከእናቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። ሰኞ ተመልሼ ካሊፎርኒያ። አቃቂ ተቀምጬ በየሳምንቱ ውቅያኖስ እሻገር ነበር፤ ያለ ፓስፖርት፣ ያለ ቪዛ።

ሆዴ መረበሽ የጀመረው በመጀመሪያው ዓመት ነው። ጠዋት ቁርጠት፣ ከቁርጠቱ በኋላ ሩጫ። ሦስት ቀን ሩጫ፣ ከዚያ አራት ቀን ድርቀት። ሆዴ እንደ ከበሮ ይነፋል። ከቱሉ ዲምቱ ሳሪስ ድረስ በሚኒባስ መሄድ ፈተና ሆነብኝ፤ በር አጠገብ ካልሆነ አልቀመጥም። መንገዱ ላይ ያለውን መጸዳጃ ቤት ሁሉ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ የትኛው ካፌ ቁልፍ እንደሚሰጥ፣ የትኛው «ለተጠቃሚ ብቻ» እንደሚል፣ የትኛው ውሃ እንደሌለው። ቀጠሮ ካለኝ ከዋዜማው ጀምሬ አልበላም። ከአንዲት ልጅ ጋር የያዝኩትን ቀጠሮ ሁለት ጊዜ ሰርዤ፣ ሦስተኛውን እሷ ሰረዘችው። ይሄ ለማን ይነገራል? አማርኛ ለዚህ የሚሆን ቃል አለው፤ ሆድ ይፍጀው።

መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ደም ወስዶ «ታይፎይድና ታይፈስ» አለኝ። ሁለተኛው ሰገራ አይቶ «አሜባ» አለኝ። ሦስተኛው «የጨጓራ ባክቴሪያ ነው» ብሎ ለሁለት ሳምንት እፍኝ እፍኝ ክኒን አስዋጠኝ። እነዚህ በሽታዎች አገራችን ውስጥ በእርግጥ አሉ፤ ምርመራውን አልንቅም። ግን ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ የደም ምርመራ ብቻውን ታይፎይድን እንደማያረጋግጥ ሐኪሞቹ ራሳቸው ያውቃሉ፤ ድሮ የያዘን በሽታ ወይም ጨርሶ ሌላ ነገር «ፖዘቲቭ» ሊያስብለው ይችላል። ሦስቱንም ጊዜ ለጥቂት ሳምንት ቀለል ብሎኝ ተመለሰብኝ። መድኃኒት ጀመርኩ ብዬ ፈቃድ የወሰድኩባቸውን፣ ማታ ማታ በጊዜ የተኛሁባቸውን ቀናት ግን ማንም አልቆጠራቸውም፤ እኔም ጭምር።

በአራተኛው ዓመት አንድ ሐኪም ወረቀቶቼን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ «አይ.ቢ.ኤስ. ነው፤ አትጨነቅ» አለኝ። ጨርሷል። ወጣሁ። አትጨነቅ ተብሎ መጨነቅ ያቆመ ሰው ካለ ስልኩን ላኩልኝ።

ስሙን እንወቀው

አይ.ቢ.ኤስ. የአንጀት መቆጣት ነው። «ቁጡ አንጀት» ብንለው ያምርበታል። ቁስል የለውም፣ ዕጢ የለውም፤ በካሜራ ቢታይም አንጀቱ ጤነኛ ይመስላል። የተበላሸው በአንጀትና በአንጎል መካከል ያለው ንግግር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው «ሮም 4» የሚባለው የሐኪሞች መስፈርት እንዲህ ይለዋል፦ ባለፉት 3 ወራት በአማካይ ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን የሆድ ሕመም መኖር፤ ከሕመሙ ጋር ደግሞ ከሦስት ነገሮች ቢያንስ ሁለቱ፤ ሕመሙ ከመጸዳዳት ጋር መያያዙ፣ የምንጸዳዳበት ብዛት መለወጡ፣ የሰገራው መልክ መለወጡ። ምልክቱ ከጀመረም ቢያንስ 6 ወር ሊሆነው ይገባል።

«የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚሉ አሉ። ግብፅንና ደቡብ አፍሪካን ጨምሮ በ33 አገሮች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት፣ በኢንተርኔት ከተጠየቁት ሰዎች 4 በመቶ ገደማው መስፈርቱን እንደሚያሟሉ አግኝቷል። እኛ ዘንድም መጠኑ ከዚህ ካልራቀ፣ አንድ የታጨቀ አንበሳ አውቶቡስ ውስጥ ሦስት አራት ሰው ፊቱን አጥቁሮ ፌርማታ እየቆጠረ ነው ማለት ነው።

ደግሞ ቋንቋችን ከሮም መስፈርት በፊት ያውቀዋል። ስናዝን አንጀታችን ይላወሳል። ስንናደድ አንጀታችን ያርራል። ስንሰጋ ሆዳችንን ባር ባር ይለዋል። ስሜትና አንጀት አንድ ገመድ ላይ እንደታሰሩ አያቶቻችን ያለ ማይክሮስኮፕ ነግረውናል። ቋንቋችን የያዘውን ክሊኒካችን ጣለው።

እኔ ኮድ ሲበላሽብኝ መጀመሪያ የማየው ሎጉን ነው። ስለዚህ ሆዴንም መመዝገብ ጀመርኩ። መጀመሪያ የመዘገብኩት ምግብ ብቻ ነበር፤ ጥያቄው «ምን በላህ» ነዋ! ሦስት ሳምንት መዝግቤ ምንም አልያዝኩም። ሐሙስ ሰላም ያሳደረኝ ሽሮ ማክሰኞ ይጥለኛል። ወተት ተውኩ፣ በርበሬ ቀነስኩ፣ አልሆነም። አንድ ቀን ግን ጊት ላይ የድሮ ኮድ ስፈልግ፣ ኮዱን ያስገባሁበት ሰዓት ከእያንዳንዱ ሥራ አጠገብ ተጽፎ አየሁ። 8 ሰዓት ከ40 ሌሊት። 9 ሰዓት ከ15 ሌሊት። ሳላውቀው ለዓመታት የእንቅልፍ መዝገብ ስይዝ ኖሬያለሁ። ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው መጥፎ ቀኖቼ አብዛኞቹ ተከትለው የመጡት እነዚያን ሌሊቶች ነው። የባሱት ደግሞ ሰኞና ማክሰኞ ነበሩ፤ ከእሁድ ወደ ካሊፎርኒያ የምመለስባቸው።

የአንድ ሰው መዝገብ ማስረጃ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ማንበብ አስጀመረኝ።

የአንጀት ሰዓት

እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ነው። ፀሐይ ስትወጣ 12 ብለን ዘግተን እንደገና ከ1 እንጀምራለን። ለዓለም አቀፍ ስብሰባ ይሄ አቆጣጠር ራስ ምታት ነው፤ ኮድ ውስጥ ስንት ጊዜ አሳስቶኛል። ለሆድ ግን የሚስማማ ነው፤ ሆድም የሚቆጥረው ከንጋት ነውና።

እ.ኤ.አ. በ2017 የሕክምና ኖቤል የተሸለሙት ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ፣ ሴሎች ውስጥ በ24 ሰዓት ገደማ አንድ ዙር የሚዞር የጂኖች ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ በትንንሽ የፍራፍሬ ዝንቦች ላይ ያሳዩ ሰዎች ናቸው። ይህ ሰዓት አንጎል ውስጥ ብቻ አይደለም ያለው፤ ጉበትም፣ ጨጓራም፣ አንጀትም የየራሳቸው አላቸው። የአንጎሉን ዋና ሰዓት የሚያስተካክለው በተለይ ብርሃን ነው። የአንጀቱን በተለይ የሚያስተካክለው የምንበላበት ሰዓት ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ስክሪን ላይ አፍጥጠን ፓስታ ስንበላ ሁለቱም ሰዓቶች ይሳሳታሉ፤ እኩል አይሳሳቱም። ሁለት ሰርቨሮች ሰዓታቸው ሲለያይ ምን እንደሚመጣ የኔ ቢጤ ያውቃል። ዳታው አይጠፋም፤ ቅደም ተከተሉ ይዘባረቃል።

ትልቁ አንጀት ሌሊት ያርፋል። ስንነቃ ይነቃል፤ ቁርስ ሲገባለት ደግሞ ይበልጥ ይንቀሳቀሳል። ብዙ ሰው ጠዋት የሚጸዳዳው ለዚህ ነው። ትንሹ አንጀት ባዶ ሲሆን በየ90 እስከ 120 ደቂቃው ትርፍራፊውን ጠራርጎ የሚያወርድ ሞገድ ይልካል፤ ከተማው ሳይነቃ መንገድ እንደሚጠርጉት እናቶች በሉት። ስትበሉ ጠራጊዎቹ መጥረጊያቸውን አስቀምጠው ይቆማሉ። ሌሊቱን ሙሉ ስትቆረጥሙ ካደራችሁ መንገዱ ሳይጠረግ ይነጋል።

ሌላም አለ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ሕመምን የሚችልበት ደረጃ ይወርዳል። ያው ጋዝ፣ ያው ምስር፣ ደህና ተኝተን ስንነሳ «ሆዴ ትንሽ ተነፋ» የሚያስብለን፣ ሳንተኛ ስናድር «ሞትኩ» ያስብለናል። ምግቡ አልተለወጠም፤ የሚሰማው ሰው ነው የተለወጠው።

«ሆዱን ያመመው ሰው ነው እንቅልፍ የሚያጣው፤ ነገሩን ገልብጠኸዋል» የሚል ተቃውሞ ይመጣል። ደህና ተቃውሞ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ ለመለየት አይ.ቢ.ኤስ. ያለባቸው ሴቶች እንቅልፋቸውንና ሕመማቸውን በየቀኑ እንዲመዘግቡ አደረጉ። ደህና አልተኛሁም ባሉበት ሌሊት ማግስት የሆድ ሕመሙ ባሰ፤ የቀኑ የሆድ ሁኔታ ግን የሚቀጥለውን ሌሊት እንቅልፍ አልተነበየም። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ የተጠኑትም ሴቶች ብቻ ናቸው፤ ቢሆንም አቅጣጫ ያሳያል። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ሚሺጋን ውስጥ በነርሶች ላይ የተሠራ ጥናት ደግሞ፣ ፈረቃቸው ከሚቀያየር ነርሶች ግማሽ ገደማው፣ ቀን ብቻ ከሚሠሩት ግን ሲሶ ገደማው የአይ.ቢ.ኤስ. መስፈርት እንደሚያሟሉ አገኘ። የእንቅልፋቸው ጥራት ከስሌቱ ውስጥ ከተቀነሰ በኋላም ልዩነቱ አልጠፋም። ስለዚህ ጣጣው ስንት ሰዓት ተኛን ብቻ አይደለም፤ መቼ የሚለውም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

አቃቂ ሌሊት አይተኛም

ነገሩ የእኔ ብቻ ቢሆን «የዶላር በሽታ ነው» ብዬ ዝም እል ነበር። አይደለም።

የአገሪቱ የመጀመሪያ የውሃ ኃይል ማመንጫ አባ ሳሙኤል የተሠራው በአቃቂ ወንዝ ላይ ነው። ሌሊትን እንደ ቀን መጠቀም የጀመርነው ከእኛ ሰፈር ውሃ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። የጅቡቲው ባቡር ያለፈው በእዚህ ነው፤ ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ ፋብሪካ የተተከለው እዚህ ነው፤ ጨርቃ ጨርቁም፣ ብረታ ብረቱም፣ ዱቄቱም እዚህ ነው። ፋብሪካ ባለበት ደግሞ ፈረቃ አለ።

ታች ፎቅ ያሉ ጎረቤታችን፣ እኔ እትዬ የምላቸው፣ ጨርቃ ጨርቅ ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ሠርተዋል። ፈረቃቸው በየሳምንቱ ይዞራል። አንድ ሳምንት ከንጋቱ 12 እስከ ቀኑ 8፣ አንድ ሳምንት ከ8 እስከ ማታ 4፣ አንድ ሳምንት ከማታ 4 እስከ ንጋት 12። የሌሊት ፈረቃ ሲሆን ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ቤት ይገባሉ። ልጆች ትምህርት ቤት ሊሄዱ ነው፣ ፎቅ ላይ ሙዚቃ አለ፣ ውጭ «ቆራሌው» ይጮሃል። በቀን የሚተኙት ሦስት አራት ሰዓት ቢሆን ነው፤ ያውም ተቆራርጦ። ለሆዳቸው ተልባ ይጠጣሉ፣ አብሽ ይጠጣሉ፣ የጨጓራ ክኒን ከቦርሳቸው አይጠፋም። አንድ ቀን ስለ መዝገቤ ስነግራቸው ሳቁብኝ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄን ለማወቅ ኮምፒውተር ያስፈልጋል? የሌሊት ሳምንት ሲገባ ሆዴ ከኔ ቀድሞ ያውቃል» አሉኝ።

«ታዲያ ለሐኪም ነግረውት ያውቃሉ?»

«ማን ጠይቆኝ?»

ፋብሪካ ያልገባውም ቢሆን አይተኛም። ከባድ መኪናው ሌሊቱን ሲያጓራ ያድራል። ከተማዋ ከምትጠጣው ውሃ ትልቅ ድርሻው የሚወጣው ከአቃቂ ከርሰ ምድር ነው፤ የእኛ ሕንጻ ግን ውሃ በፈረቃ ነው የሚያገኘው፣ ሲመጣም ሌሊት። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ቧንቧው ሲያፏጭ ጀሪካን ይዞ የሚነሳው ማነው? በአብዛኛው እናት ናት፤ ካልሆነች ትልቋ ልጅ። ከዚያ ጠዋት ያቺው ልጅ ክፍል ውስጥ ሆዷን ይዛ ስትቀመጥ «ሳትበይ መጥተሽ ነው» ትባላለች።

አነቃቂዎቻችን

ከተወሰደብን ሌላ እኛው አሳልፈን የሰጠነው ሌሊት አለ። ቲክቶክ ላይ ጠዋት ማታ «አንተ ስትተኛ ሌላው እየሠራ ነው» የሚሉን ሰዎች አሉ። ስማቸውም ራሱ አነቃቂ ነው! ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። ዩኒቨርሲቲ እያለን ላይብረሪ ማደር ማዕረግ ነበር። ዶርም ውስጥ ሁለት ሰዓት ተኝቶ ፈተና የገባ ጀግና ነው፤ ስምንት ሰዓት የተኛ ዘመዱ ያሳፈረው ሰው ነው። ለማደር ጫት እንቅማለን፤ ጫት ደግሞ እንቅልፍ ይነሳል፣ ሆድም ያደርቃል፤ አንድ ቅጠል፣ ሁለት ጥፋት። ካልሆነም ቡና። ቡና ጠላቴ አይደለም፤ አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም እወዳለሁ። ግን ካፌይን ደማችን ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ማታ 1 ሰዓት ላይ የጠጣነው ቡና ግማሹ እኩለ ሌሊት ላይ አብሮን ይገላበጣል።

«ድሃ አገር ውስጥ ስለ እንቅልፍ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚለኝም አለ። እኔ ተቃራኒውን ነው የማየው። ሀብታም ሌሊቱን ካጣ ቀን ይተካዋል፤ ጀኔሬተር አለው፣ የውሃ ታንከር አለው፣ ጸጥ ያለ ክፍል አለው። ሌሊቱ በርካሽ የሚገዛው የድሃው ነው። ከዚያ ያው ድሃ ከደሞዙ ላይ ለምርመራ፣ ለክኒን፣ ለዳግም ምርመራ ይከፍላል። እንቅልፍን ቅንጦት ያደረግነው እኛ ነን፤ በተፈጥሮው ነፃ ነበር።

«ዋናው ጭንቀት ነው» ለሚሉኝ ደግሞ፣ እሺ፣ ጭንቀትም አለበት። ግን «አትጨነቅ» የሚባል ቁልፍ የለም፤ ብጫነው ደስ ይለኝ ነበር። የመነሻ ሰዓት ግን አለ። የስብሰባ ሰዓት አለ። የፈረቃ ሰሌዳ አለ። እነዚህ በሰው እጅ የተጻፉ ናቸው፤ በሰው እጅ ይለወጣሉ።

የምጠይቀው

ሕጋችን ሌሊት ከቀን እንደሚወደድ ያውቃል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ቀን ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት 1.5 እጥፍ፣ ከማታ 4 እስከ ንጋት 12 ለሚሠራው ደግሞ 1.75 እጥፍ እንዲከፈል ያዛል። ነፍሰ ጡር ሴትና ከ18 ዓመት በታች ያለ ወጣት ሌሊት እንዳይሠሩ ይከለክላል። ስለዚህ የሌሊት ሥራ ሰውነት እንደሚጎዳ ጠፍቶን አይደለም፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣው የሌሊት ሥራ ስምምነት ቁጥር 171 ደግሞ፣ ሌሊት የሚሠራ ሰው ሲጠይቅ ነፃ የጤና ምርመራና ምክር ማግኘት አለበት ይላል። እትዬ ይህን ስነግራቸው «የት አገር?» ነው ያሉኝ።

ፋብሪካ ይዘጋ አላልኩም፤ ሌሊት መሥራት ያለበት ሥራ አለ። ነርስ ሌሊት ባትኖር ማን ይኑር? ግን ፈረቃ የሚሠራበት መንገድ አለ። መዞሩ ካልቀረ ወደፊት ይዙር፤ ከጠዋት ወደ ከሰዓት፣ ከከሰዓት ወደ ሌሊት፤ ሰውነት ማምሸትን ከማንጋት ይልቅ ይቀለዋል። ሰሌዳው ከወር በፊት ይነገር። ሌሊት ለሚሠራ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ ከባድ ምግብ ሳይሆን ቀለል ያለ ይቅረብለት። ይህ ሁሉ ዶላር አይጠይቅም።

ሐኪሞቻችንን የምለምነው አንድ ጥያቄ ነው። ወረፋው ረጅም እንደሆነ፣ እናንተም ሌሊት እንደምታድሩ አውቃለሁ፤ ምናልባት የእናንተም ሆድ ይህን ያውቃል። ግን «ምን በላህ» ካላችሁ በኋላ «መቼ ትተኛለህ፣ መቼ ትነሳለህ፣ ፈረቃ ትሠራለህ ወይ» ለማለት አሥር ሰከንድ ይበቃል።

የኔ ቢጤዎቹን፣ የሌሊት ገንቢዎቹን፣ ሌላው ቢቀር የምትነሱበትን ሰዓት አንድ አድርጉት እላለሁ፤ ቅዳሜና እሁድንም ጨምሮ። ጠዋት ብርሃን ላይ ውጡ። ቁርስ ብሉ። የመጨረሻው ምግብና እንቅልፋችሁ መካከል ሁለት ሦስት ሰዓት ይኑር። ክኒን ከመጨመራችሁ በፊት ይህን አንድ ወር ሞክሩትና መዝግቡ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ እዚህ ላይ አትቀልዱ። ሰገራችሁ ላይ ደም ካያችሁ፣ ሳትፈልጉ ከከሳችሁ፣ ትኩሳት ወይም የደም ማነስ ካለባችሁ፣ ምልክቱ ከ50 ዓመት በኋላ ከጀመራችሁ፣ ይህን ጽሑፍ ዘግታችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሌላም ምልክት አለ፤ ቁጡ አንጀት አብዛኛውን ጊዜ የተኛን ሰው አይቀሰቅስም። ከደህና እንቅልፍ የሚያስነሳችሁ ሕመም ወይም ተቅማጥ ከሆነ ሌላ ነገር ሊሆን ስለሚችል ይታይ።

እኔስ ምን አደረግሁ? ከስድስት ወር በፊት ለአለቆቼ ጻፍኩ፤ ከማታ 4 ሰዓት በኋላ ስብሰባ አልገባም አልኩ። ሁለት ሳምንት ዝም ብለው ቆዩና «ለቡድኑ አይመችም» ብለው ውሌን ሳያድሱት ቀሩ። አሁን የምሠራው እዚሁ ከተማ ነው፤ የማገኘው የበፊቱን ግማሽ አይሞላም። እናቴ «ለእንቅልፍ ብሎ ዶላር የሚተው ልጅ ወለድኩ» እያለች ለዘመድ ታወራለች። በየቀኑ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እነሳለሁ። ሆዴ ድኗል አልልም፤ ምስርና ሽንኩርት ሲበዛበት አሁንም ይቆጣል፤ ውሃ በመጣ ሌሊት ማግስትም እንዲሁ። ግን ሚኒባስ ውስጥ ከበሩ ርቄ መስኮት ጥግ መቀመጥ ጀምሬያለሁ።

እኔ የምጽፍለት አለቃ ነበረኝ፤ ከሥራው ወጥቼ ሌላ የማገኝበት ዲግሪም ነበረኝ። እትዬ ለማን ይጻፉ? ይህን ስጽፍ ማታ 3 ሰዓት ሊሞላ ነው። የሌሊት ሳምንታቸው ነው። ታች ሰርቪሱ ጡሩንባውን ነፍቷል፤ እሳቸው ደረጃው ላይ ቆመው ቦርሳቸው ውስጥ ክኒኑ መኖሩን በእጃቸው እየዳሰሱ ነው።